«ጠጣች ወይ?»

ገና ሳይነጋጋ፣ ከጊልቦዓ ግርጌ፣
ጠፍሯን አጠበቅሁኝ ፍርሃቴን ሸሽጌ።
ፈረስ ግን ፍርሃትን ከጭን ላይ ያነባል፤
ሻልሄቬት ናት ስሟ፣ ትርጉሙ «ነበልባል»።
አንድ ጆሮ ወደ እኔ፣ አንድ ጆሮ ወደ መንገድ፣
ለማን እንደሚያዳላ እንደቸገረው ዘመድ።

ሰማንያ ኪሎ ሜትር። ሦስት ዙር። ቁጥሬ ሠላሳ አንድ።
ድምፅ ማጉያው ስሜን ሰባብሮ ጠራኝ፦
«ማን… ማንተግ… ቼኮል!»
ማንጠግቦሽ ነኝ። ቸኮል የአባቴ ስም፤
ሲቸኩል ግን እኔ አይቼው አላውቅም።
ባልዲና ስፖንጅ ይዞ ከአጥሩ ሥር ቆሟል፤
«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ተብሏል፤
እዚህስ፣ ልጄ» አለኝ፣ «ውጊያው ማድረስ ነው፤
እሷ አንቺን ሳይሆን፣ አንቺ እሷን ነው።»

የመጀመሪያው ዙር፣ ስንዴው መሐል ለመሐል፣
ጭቃው ኮቴ ይስባል፣ ጉሙ ፊት ይከልላል።
ናዳቭ ቀደመኝ፣ ሽቅብ እየጋለበ፣
የፈረሱ አንገት በአረፋ ተከበበ።
ቅናት ከልብ አይደል፣ መነሻው ከእጅ ነው፤
ልጓሙን ሲጨብጥ ያኔ ነው የማውቀው።
ጣቶቼን ከፈትኩ።

በፍተሻው በር ላይ ዶክተር ኦስናት አለች፤
ማዳመጫዋን ከብብቷ ሥር አኖረች።
ወሰኑ ስልሳ አራት። እኛ ሃምሳ ስድስት።
ድዷን ተጫነችው፤ ነጣ፣ ቀላ፤ አንድ፣ ሁለት።
አንገቷን ቆነጠጠች፤ ቆዳው ተመለሰ።
ሆዷን ስታዳምጥ ወሬው ሁሉ አነሰ፤
እንደ ሩቅ ወፍጮ አንጀቷ ሲያጉረመርም፣
ከዚያ የሚጥም ዜማ እስከዛሬ አልሰማሁም።

ሁለተኛው ዙር ላይ፣ ከሐሮድ ምንጭ ዳር፣
ጥንት ሰው በአጠጣጡ ተመረጠ የሚባልበት አፈር፣
እሷ ግን ጎንበስ አለች፣ እፍ አለችበት፣ ተወች።
በከንፈሯ ብቻ ውኃውን ነካካች።
ሦስት ፈረሶች አለፉን። ጠበቅኳት። አራት።
አባቴ ያስተማረኝ ፉጨት አለ፣ የበቅሎ ማጠጫ ፉጨት፣
ቀስ ያለ፣ መጨረሻ የሌለው። አፏጨሁ።
ጉሮሮዋ ከፍ ዝቅ ሲል በዐይኔ ቆጠርሁ፦
አሥራ ዘጠኝ ጉንጭ።
ያኔ ነው የራሴን ጥም ያወቅሁ።

ሦስተኛው ላይ ፀሐይዋ በረታች።
ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ሲቀር፣ አምስተኛ ሆነን፣
ዱብ ዱብ ዱብ… ዱ…
የሰማው ጆሮዬ አይደለም፣ ወገቤ ነው፤
ግራ የፊት እግሯ አንዲት ፊደል ዋጠ።
ማንም አላየም። ብቀጥል ማንም አያውቅም ነበር።
ይህንን የምጽፈው ስላሰብኩት ነው፤
ከአንድ ትንፋሽ ያነሰ፣ ግን አሰብኩት።

ወረድኩ። ድንጋይ አላገኘሁም። ኮቴዋ ይፋጃል።
ጠፍሯን አላላሁ፣ ከጎኗ በእግሬ ሄድኩ፤
ጥላችን አንድ ላይ ስድስት እግር አወጣ።
የሚያልፉን ሁሉ «ውኃ ላምጣ?» ይላሉ፤
ጋላቢ ለጋላቢ ያለው ደግነት እሱ ነው፣ ፍጥነት ሳይቀንሱ መጠየቅ።
አንዷ ግን ቀነሰች። ስሟን እስካሁን አላውቅም።

ሰዓቱ ሳይሞላ ደረስን። ዶክተር ኦስናት አስሮጠችን፣
ሃያ እርምጃ አየች፣ ራሷን ነቀነቀች፣
ሠላሳ አንድን ሰረዘች።
«ልቧ ግን አርባ ስምንት» አለችኝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ናዳቭ አሸነፈ። ፈረሱም ደህና ነበር፤
ሁልጊዜ ለትምህርት አይመችም ነገር።

አባቴ ባልዲውን አቀበለኝ።
ስንተኛ ወጣሽ አላለም፣ ለምን ወረድሽም አላለም።
«ጠጣች ወይ?»
«ጠጣች።»

በእሱ አገር ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፣
አባ እንዲህ፣ አባ እንዲያ፤ ለሴት ግን አልነበረም።
ማታ፣ ተጎታቹን ይዘን፣ በሰዓት ስድሳ፣
ሰው ሁሉ ጥሩንባ እየነፋ ሲያልፈን፣
አፉላ መግቢያ ላይ ቀይ መብራት ያዘን።
ዐይኑን ከመብራቱ ሳይነቅል፣ አፈር ብሎ፣
«እመ ነበልባል» አለኝ።
አልመለስኩለትም። ከኋላችን
ድርቆሽ ስትቆረጥም እያዳመጥኩ ነበር።